የግብጦ ዘመዶች

ባሕር ዳር ውስጥ ግብጦ የማይበላ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ግብጦ እበላለሁ የሚል ሰውም እንደዚያው። ጠይቁ እስቲ። «ድሮ፣ ልጅ ሆነን ነበር» ይላሉ አንዱ። «እኔ እንኳ አልወድም፣ ባለቤቴ ነች» ይላል ሌላው። «አረቄ ቤት ሲያቀርቡልኝ እንዳላስቀይማቸው ብዬ ነው» የሚሉም አሉ። ታዲያ ጉሊት ላይ በጣሳ እየተሰፈረ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሸጠው ግብጦ ወዴት ይሄዳል? ደግነቱ ግብጦ ምስጢር አይጠብቅም። ፍሬዋን በጥርስ ጫፍ ነከስ፣ በጣት ጫን ሲያደርጓት ውስጧ ተፈትልካ አፍ ትገባለች፤ ልጣጯ እጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማን ስንት እንደ በላ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከወንበሩ ሥር ማየት ነው።

ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ ሲባልማ ከየቤቱ መጀመሪያ የሚደበቀው ግብጦ ነው። ፈንዲሻው ይወጣል፣ ሱፍ የተቀላቀለበት የገብስ ቆሎ ይወጣል፣ ግብጦው ከነሳህኑ አልጋ ሥር ይገባል። እኔ ቤት አልጋ ሥር አይገባም፤ ቁም ሳጥን ላይ ነው የማወጣው። አንዲት ከሸገር የመጣች ዘመዴ ቡናዋን ፉት እያለች «እናንተ አገር ግብጦ የሚባል ነገር አለ አሉ፤ መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ አምጪልን ብለውኝ ነበር፤ ከየት ይገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀና ብዬ ቁም ሳጥኑን አየሁና «እኔ እንጃ፣ ገጠር ሳይኖር አይቀርም» አልኳት።

ማሳ ላይ ያለው አያያዝም ከጓዳው አይሻልም። ጤፍ ደጋግሞ ይታረስለታል፣ ማዳበሪያ ይነሰነስለታል፣ ለአረሙ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣለታል። ግብጦ አንዴ ጫር ጫር የተደረገ መሬት፣ ያውም ሌላው እህል እንቢ ያለው መሬት ከተሰጠው ተመስገን ነው። አይታረምም፤ ማዳበሪያ አያይም፤ ጠባቂም አይቆምለትም፤ ከምሬቱ የተነሣ ከብት እንኳ አሽትቶት ያልፋል። እሱ ግን ይበቅላል። አዊ፣ ሰከላ፣ ሜጫ፣ አሲድ በበላው ቀይ አፈር ላይ ይበቅላል። ሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይስቡለታል። ራሱ ሥሩ ደግሞ ሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ እያመነጨ አፈሩ አስሮ የያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው መሬት ላይ የተዘራው እህል ያምራል። ያኔ የሚመሰገነው ማን ነው? ዝናቡ። ዝናቡ ካልሆነ ገበሬው ራሱ።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል፤ እኛ የቅርብ ወንዛችን ውስጥ የምንነክረው ግብጦ ነው። ሳይታጠብ አይበላማ! ሉፓኒን የሚባልና ሌሎችም መራራ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ይቆላና ጆንያ ውስጥ ይታሰራል፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ለቀናት ይከርማል። ስንት ቀን? እዚህ ላይ ሰፈሩ ተስማምቶ አያውቅም። አንዷ አምስት ትላለች፣ ሌላዋ ሳምንት ካልሞላው ሞቼ እገኛለሁ ትላለች፤ እናቴ «ወንዙ ያውቃል» ይሉ ነበር። ቀኑን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሌባ ነው። ጆንያው ውሃ ውስጥ ያለ ጠባቂ ሲያድር ማንም አይነካውም፤ ምሬቱ ሙልጭ ብሎ በወጣለት ሌሊት ይጠፋል። አንድ ቀን አስቀድሞ የወሰደ ሌባ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ሌባ ያለውን ትዕግሥት ያላገኙ ሰዎች ግን አሉ። ከኛ በላይ ባለው ቅያስ የሚኖሩ አንድ ጋሼ፣ በደንብ ያልታጠበ ግብጦ በዕፍኝ በዕፍኝ ቅመው ማታ ቤታቸው ገቡ። አፋቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ብዥ ብሏል፣ ልባቸው ይመታል፣ ግድግዳውን ይዘው ነው የቆሙት። እውነቱን ለመናገር ይሄ ሁሉ ያልታጠበ ግብጦ የሚያመጣው ምልክት ነው፤ ሐኪምም ይመሰክርላቸዋል። «ግብጦው ነው፣ ግብጦው ነው የጣለኝ» አሉ ጋሼ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች ካዩአቸው በኋላ ረጋ ብለው ጠየቁ፦ «ግብጦውን ስንት መለኪያ ጠጡት?»

እንግዲህ እዚህ ሰፈር ነው የፊት ለፊቷ እትዬ ልጅ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ከአውሮፓ ለጥቂት ሳምንት የመጣው። እትዬ ወሬውን ቀድመው ነዝተውታል፤ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው፣ የበሽታ ዶክተር።» በማግስቱ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ጤና ጣቢያ የተከፈተ መሰለ። ጉልበቱን የያዘ አለ፣ የደም ግፊት ካርዱን ያመጣ አለ፣ እኔም ወገቤን ስላመመኝ ሳይሆን ወረፋው ሲያልፈኝ ስለማልወድ ቆምኩ። ልጁ ተጨንቆ «እኔ የማጠናው የዕፅዋት በሽታ ነው፤ ግብጦ በሽታን እንዴት እንደሚቋቋም ነው» አለ። ዝም ተባለ። አንዷ ቤቷ ሄዳ የጠወለገ ጤና አዳም ከነቆርቆሮው አመጣችለት።

በኋላ ቡና ሲፈላ ሥራውን አስረዳን። ማስረዳት ባልጀመረ ይሻለው ነበር። ጤናማ የግብጦ ችግኝ ያበቅላል፤ ከዚያ ግንዱን በትንሹ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ላይ አንትራክኖዝ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ፈንገስ ጠብ ያደርግበታል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ችግኞቹ ሲታመሙ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ አንድ ምንም ያልነካው ነው፣ ዘጠኝ የሞተው። «ከዚያስ ምን መድኃኒት ትሰጣቸዋለህ?» አሉ ጋሼ። «አልሰጥም፤ ሳይታመም የቀረውን ነው የምፈልገው» አለ። እትዬ ጀበናውን አስቀመጡ። ያን ያህል ዓመት ሽሮና በርበሬ የላኩለት ልጅ ማዳን ሳይሆን ማሳመም ሲማር እንደ ኖረ ያኔ ነው የገባቸው።

በሽታው ቀልድ አይደለም። የያዘው ግብጦ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ግንዱና ፍሬ ያዘለው ቅርፊት ላይ ብርቱካንማ ቀለም የቋጠረ ቁስል ይወጣል፤ ዝናብ ባረፈበት ቁጥር እየተፈናጠረ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ከሩቅ የሚጓዘው ደግሞ በዘር ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ምዕራብ አውስትራሊያ ገብቶ እዚያ ይመረት የነበረውን ነጭ ግብጦ፣ ማለት የኛውን ዓይነት፣ ድራሹን አጠፋው። ከሺህ ፍሬ አንዷ እንኳ ብትታመም ማሳውን በሙሉ ልትጨርስ ትችላለች።

ይሄን ሲናገር ጋሼ ሳቅ አሉ። እሳቸው ዘር ሲገዙ አይታለሉም። እውነት ነው፤ ዳንግላ ገበያ ላይ ዘር የሚገዙ ወንዶችን አይቻቸዋለሁ። ከጆንያው ዕፍኝ ይዘግናሉ፣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ ያንቆረቁራሉ፣ እፍ ይላሉ፣ ወደ ፀሐይ ያዩታል። መጨረሻ ላይ አንዷን ፍሬ ይነክሳሉ። አስቡት፤ ጥሬ ግብጦ! ፊታቸው ኮሶ እንደ ተጋተ ልጅ ይጨማደዳል፣ አንድ ዓይናቸው ይጨፈናል፣ ግን ገበያተኛው እያያቸው ነውና አይተፉትም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ጤነኛ ነው» ይላሉ። ከኋላ የቆሙትም አብረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፈንገሱ ልጣጩ ሥር ተኝቶ ይሄን ሁሉ ሥነ ሥርዓት ይከታተላል።

ልጁ ከመራራው ወደ ጣፋጩ ሊያሸጋግረን ሞከረ። እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ መጨረሻ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ የሚባል ጀርመናዊ «ከዚህ ሁሉ መራራ መሀል አንድ ጣፋጭ አይጠፋም» ብሎ ተነሣ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተክል አስመርምሮ፣ ምሬት የሌላቸውን በጣት የሚቆጠሩ አገኘ። የዛሬው ጣፋጭ ግብጦ ከዚያ የመጣ ነው። እዚሁ አጠገባችን አንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከልም ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉ የጀርመን ጣፋጭ ግብጦዎች ለከብት መኖ ተሞክረዋል። እኛ ይሄኔ ነበር ማጨብጨብ ያለብን። ከገጠር ለሰርግ የመጡ አንድ አያ ግን ቡናቸውን ጨልጠው «ከብቱ የሚበላው ከሆነ ማን ሊጠብቀው ነው?» አሉ። ልጁ እውነታቸውን እንደሆነ አመነ፤ ጣፋጩን በግ ይወደዋል፣ ጥንቸል ይወደዋል፣ ክሽክሽም ይወደዋል። አያ ዞር ብለው አዩን፦ «መራራ የሆነው ሞኝ ሆኖ መሰላችሁ?»

እስከዚህ ድረስ፣ ልንገራችሁ፣ ማንም ከልቡ አልሰማውም። ግማሹ ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ሁለተኛውን ቡና ይጠብቃል። የነቃነው ልጁ ፖርቱጋሎች ግብጦ ከቢራ ጋር እንደሚቀርብላቸው፣ ጣሊያኖች በጨው ውሃ ዘፍዝፈው በብልቃጥ እንደሚሸጡት፣ ጀርመኖች ቆልተው የቡና ምትክ እንደሚያደርጉት ሲናገር ነው። «ፈረንጅ? ግብጦ?» አሉ ጋሼ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታዘብኩ። ወንበሩ ሥር፣ አልጋው ሥር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው ሁሉ በአንድ አፍ «እኔማ ድሮም እወደው ነበር» አለ። ባለቤቴ ነች ያለው ሰውዬ ባለቤቱን እንኳ አላስተረፈላትም።

ዋናው ጉድ ገና ነበር። አውስትራሊያኖች በሽታው ማሳቸውን ከጠረገባቸው በኋላ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የግብጦ ዘር እያወጡ ፈተኑ። ማን አለፈ? ከኢትዮጵያ የሄደው። ያ አንዴ የተጫረ መሬት ላይ የሚዘራው፣ ያልታረመው፣ ከእንግዳ የሚደበቀው። አንደኛው እስከ ዛሬ በሳይንቲስቶች ዘንድ የሚታወቀው በመዝገብ ቁጥሩ ነው፦ ፒ 27174። ጋሼ ቁጥሩን ደጋግመው አስጠሩት። «ስምም አላወጡለት?» አሉ አዝነው። ስም ያላወጣንለት እኛ መሆናችንን ያነሣ ግን አልነበረም።

ከዚያ ልጁ የጋብቻውን ነገር አወጋን፤ ሰፈሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። ሳይንቲስቶቹ ያንን የኛን ዘር «የኪየቭ ሚውታንት» ከሚባል ግብጦ ጋር አዳቀሉት። የኪየቩ ጣፋጭ ነው፣ ቶሎ ያብባል፣ ግን አንትራክኖዝ ገና ሲያየው ይወድቃል። የኛው ጤናው ብረት ነው፤ ግን መራራ ነው፣ ደግሞም ዘግይቶ ነው የሚያብበው። ይሄን ሲል ሁላችንም ሳቅን። የሐበሻ ቀጠሮ ዘሩ ውስጥ እንዳለ በሳይንስ ተረጋገጠ ማለት ነው! እትዬ ግን አልሳቁም፤ ሽማግሌ ተልኮ የመጣ ይመስል ነገሩን ከልባቸው ይዘውታል። «ልጆቹስ በማን ወጡ?» አሉ። እንደየዕጣቸው ነው፤ አንዳንዱ ጣፋጭና በሽተኛ፣ አንዳንዱ መራራና ጤነኛ፣ አንዳንዱ መራራም በሽተኛም፣ ዘግይቶም የሚያብብ። «የመጨረሻውን አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ፤ «የእህቴ ልጅ ነው።»

ድካሙ ጣፋጩን፣ ቶሎ የሚያብበውንና በሽታ የማይደፍረውን ከአንድ ተክል ላይ ማግኘቱ ነው። ጠባብ ቅጠል ያለው ሰማያዊው ግብጦ ላይ አንድ ኃይለኛ ዘረ መል ብቻውን አንትራክኖዝን ሲመክት ተገኝቷል። የኛው ነጭ ግብጦ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ጤናው ከብዙ ዘረ መሎች ተዋጥቶ የመጣ ነው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ይሄ ጋሼን አላረካቸውም። «እሺ ይሁን፣ ግን ዋናው ማን ነው?» አሉ። አንድ ላይ ነው የሚሠሩት ተባሉ። «ገብቶኛል፤ ሊቀ መንበሩ ማን ነው?»

እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በሽታውን የሚቋቋም ነጭ ግብጦ ለገበሬ ተለቀቀ። ጤናውን ያመጣው ከኢትዮጵያ የሄደው ዘር ነው፤ ስሙን አንድሮሜዳ አሉት። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ከቋጥኝ ጋር የታሰረች። ልጁ ይሄን ባይነግረን ይሻል ነበር። ንጉሥ የሚለው ቃል ከአፉ እንደ ወጣ የዘር ሐረግ ክርክሩ ጀመረ። ዘሩ የሄደው ከዳንግላ ነው አሉ ጋሼ፤ እናታቸው ዳንግላ ነች። አያ እንጅባራ አሉ። አንዷ እስቴ ካልሆነ ጀበናውን እሰብራለሁ አለች፣ የሰው ጀበና። እኔ ቡሬ አልኩ፤ ማስረጃ የለኝም፣ ግን ዝም ብል ሰከላ ሊወስደው ነበር። ምሽቱን ሙሉ ግብጦን ስንወልደው፣ ስንድረው፣ ክርስትና ስናነሣው አመሸን። ጠዋት ጉሊት ላይ የጣሳው ዋጋ ጨምሮ አገኘሁት። «ምነው?» ብላት ባለ ግብጦዋ ሳታፍር «ውጭ የሄደው ነው» አለችኝ።

ልጁ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሻንጣው ተከፈተ። እትዬ ከበርበሬው ጎን ጥሬ ግብጦ ቋጥረው አስገብተውለታል፣ «ይሄንን የኛን ሞክርልኝ» ብለው። ልጁ ፊቱ ነጣ። ሌት ተቀን የሚያጠናው በሽታ ከአገር አገር የሚሄደው በሰው ሻንጣ ውስጥ ባለ ዘር መሆኑን፣ ለዘር የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት እንደሚጠየቅ፣ ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በየዋህነት አስረዳቸው። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ «ሰርተፊኬት ለታመመ ነው፤ የኔ ግብጦ ታሞ አያውቅም» አሉ። ቋጠሮውን አወጣው፤ ወጥ ቤት ደርሶ ሲመለስ ካልሲው ውስጥ አገኘው። ከካልሲው አወጣው፤ ከሽሮው መሀል አገኘው።

ወሬው ቶሎ ነው የተሰማው። ማታ ልሰናበተው ስሄድ በረንዳው ላይ ጋሼ አንድ ፌስታል ይዘው ቆመዋል፤ የዳንግላው ነው። አያ ሰርጉ ካለቀ ሰንብቷል፣ ግን እንጅባራን ወክለው ቀርተዋል። የእስቴዋም አለች። ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ «ትንሽ ነገር ናት፣ ለሙከራ ብቻ» ይላል። ልጁ ማብራሪያውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ፈንገሱን፣ ከሺህ አንዷን፣ አውስትራሊያን። ይህን ጊዜ እኔም ነጠላዬ ሥር ያለውን ኪሎ ግብጦ የት እንደማደርሰው ጨነቀኝ። ሁሉም ዓይን ወደ ነጠላዬ ሲዞር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ምነው፣ እኔ ለቡና ቁርስ ነው ያመጣሁት» አልኩ።

ጥሬ ነበር። ለመናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ቀድመው ዕፍኝ ሙሉ ዘግነዋል። አንዴ አላመጡ። ዓይናቸው ዕንባ ቋጠረ፣ ጆሯቸው ቀላ። ባለቤታቸው እያዩአቸው ነው፣ ልጁ እያያቸው ነው፣ እንጅባራ እያየ ነው።

«ያገር ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ በግድ እየዋጡ፤ «በሽታ የማይደፍረው ለካ ለዚህ ነው።»